የክላውንፊሽ እርባታ በሐዋሳ፦ ጥንዶቹ ሸክላውን ማጽዳት ጀምረዋል፣ ከእንቁላሉ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ፍቅርሐይቅ (ሐዋሳ)

ሰላምታዬን በማስቀደም ጥያቄዬን አቀርባለሁ። 200 ሊትር በሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ ኦሴላሪስ የተባለው ዝርያ ሁለት ክላውንፊሾች (ነጭ መቀነት ያላቸው ትንንሽ የባህር ዓሦች) አሉኝ። ሲመጡ መጠናቸው ተቀራራቢ ነበር፤ አሁን ግን አንደኛዋ በግልጽ በልጣለች፤ ትንሹም በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ ጎኑን ይሰጣታል። ሰሞኑን ደግሞ ከመስተዋቱ ጋር አስደግፌ ያጋደምኩትን፣ ቀለም ያልተቀባ የአበባ መትከያ ሸክላ ሁለቱም በአፋቸው እየለቀሙ ሲያጸዱት ይውላሉ። የትልቋም ሆድ ሞላ ብሏል። እንቁላል ሊጥሉ እንደተቃረቡ ከዚህ እገምታለሁ።

ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። በእጄ ያለው የተዘጋጀ የባህር ጨው እያለቀ ስለሆነ የአፍዴራ ጨው ሊተካው ይችል እንደሆነ፣ አኔሞኒ (ክላውንፊሽ የሚጠለልበት የባህር እንስሳ) መግዛት የግድ እንደሆነ፣ የሚፈለፈሉትንም በተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ማሳደግ ይቻል እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ እወዳለሁ። በሰፈራችን መብራት ስለሚቆራረጥ በዚህም ላይ ምክራችሁን እሻለሁ።

ሶደሬ (አዳማ)

እንኳን ደስ ያለዎት። የአኔሞኒውን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ፤ አያስፈልግም። ክላውንፊሽ በባህር ውስጥ አኔሞኒ ከሌለው ከአዳኝ አያመልጥም፤ በቤት ውስጥ ግን የሚያጠቃው ስለሌለ አንድ ሸክላ ወይም የወለል ሴራሚክ ቁራጭ ካገኘ እርሱኑ ቤቱ አድርጎ ይኖራል፣ በላዩም ይራባል። አኔሞኒ በተቃራኒው ብርቱ ብርሃንና ለረጅም ጊዜ የተረጋጋ ውሃ የሚሻ እንስሳ ነው፤ ከሞተም የአኳሪየሙን ውሃ በአንድ ሌሊት ሊመርዘው ይችላል። ገንዘቡን ለጫጩቶቹ ዕቃ ቢያውሉት ይሻላል። ስለ ጨውና ስለ ውሃ ሰፋ አድርጌ እመለሳለሁ።

አላሙራ (ሐዋሳ)

ካነሷቸው ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው የምግቡ ነው ብዬ ስለማምን በእርሱ ልጀምር።

ጤናማና በደንብ የሚበሉ ጥንዶች ማንም ሳያስገድዳቸው በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እንቁላል ይጥላሉ። ወንዱ በክንፉ እያራገበ፣ የሞተውን በአፉ እየለቀመ ይጠብቀዋል። እስከዚህ ድረስ የአርቢው ድርሻ ትንሽ ነው። ሥራው የሚጀምረው እጩ (ገና ያልጠነከረው ጫጩት) ከእንቁላሉ በወጣ ማግስት ነው፤ ይህ ፍጡር ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ይዞት የወጣው አስኳል ወዲያው ያልቃል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየም አይበላም። ለዚህ አፍ የሚመጥነው ሮቲፈር የሚባለው፣ በዓይን ሲታይ ነጭ ብናኝ የሚመስለው የውሃ እንስሳ ነው። በእርባታ የተለመደው ብራኪዮነስ ፕሊካቲሊስ የተሰኘው ዝርያ ከ100 እስከ 300 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ይደርሳል፤ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (በጨው ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ግን ከ400 ማይክሮን በላይ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይተልቃል።

ሕያው ሮቲፈር ወደ ሐዋሳ ማምጣት አስቸጋሪ ነው። ደግነቱ፣ ደርቆ የሚቆይ እንቁላል አለው፤ በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ያለ ችግር ይደርሳል። ከባህር ውሃ ጨዋማነቱ በቀነሰ፣ በሊትር 20 ግራም ገደማ ጨው ባለው ውሃ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀትና በብርሃን ሥር ሲቀመጥ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ያለ ወንድ ይራባሉ፤ ምግብና ሙቀት ከተሟላላቸውም ቁጥራቸው በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ምግባቸው ናኖክሎሮፕሲስ የተባለው ረቂቅ አልጌ ነው። ተጨምቆ በጠርሙስ የሚሸጠው ዓይነት በማቀዝቀዣ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የዳቦ እርሾም ያኖራቸዋል፤ ሆኖም በእርሾ ብቻ ያደገ ሮቲፈር ቁጥሩ ቢበዛም ለእጩ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ በዚህ ላይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ሮቲፈር ያለ ማስጠንቀቂያ የሚወድቅ እርባታ ነው። ትናንት ውሃውን ሞልቶት የነበረው ዛሬ ጠዋት ባልዲው ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የተረፈ እርሾ የፈጠረው፣ አሞኒያ የተባለው መርዛማ ውህድ ነው። ስለዚህ ሁለት ባልዲ ይኑርዎት፤ ቢቻል በተለያየ ክፍል ያስቀምጧቸው፤ የአንዱን ማንኪያና ጎማ ለሌላው አይጠቀሙ። በየቀኑ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ውሃ አጥልለው ያውጡና በአዲስ ይተኩ። ለማጥለያ የሚሆነው ወንፊት ቀዳዳው 50 ማይክሮን ገደማ መሆን አለበት፤ ይህንንም ቲሸርት ላይ የሚያትሙ ሰዎች ጋ ማግኘት ይቻላል፤ በሴንቲሜትር 120 ክር ያለውን የማተሚያ መረብ ብለው ይጠይቁ። ሻሽም ሆነ ነጠላ ሮቲፈርን አያስቀርም።

በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት፤ የሮቲፈሩ ባልዲ ለሳምንታት ሳይወድቅ መቆየቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ የሚጣለውን እንቁላል ለወላጆቹ ይተዉት። ጥንዶቹ እንደገና ይጥላሉ። እጭ ተፈልፍሎ ሳለ ምግብ ፍለጋ መሯሯጥ ግን ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

አምባዛ (ሐዋሳ)

ወንድማችን አላሙራ ነገሩን ከሚገባው በላይ አክብዶታል ባይ ነኝ። እኔ በንጹህ (ጨው አልባ) ውሃ ዓሣ እርባታ የሠራሁ ሰው ነኝ። የአምባዛ ጫጩት ስናሳድግ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልለን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰጥተናል፤ በልተውም አድገዋል። የቆሮሶ ጫጩትማ ገና ከጅምሩ የተፈጨ መኖ ይበላል። ሐዋሳ ላይ ሆኖ ከባሕር ማዶ የደረቀ ሮቲፈርና የታሸገ አልጌ መጠበቅ የትርፍ ጊዜ ሥራውን ለጥቂት ባለ አቅም ሰዎች ብቻ ያደርገዋል። አስኳሉ ቢሞከር ምን ይጎዳል?

አላሙራ (ሐዋሳ)

አቶ አምባዛ፣ በንጹህ ውሃ ዓሣ ላይ ያለዎትን ልምድ አከብራለሁ፤ ንጽጽሩ ግን እዚህ ላይ አይሠራም። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ትልቁን የአስኳል ከረጢታቸውን ጨርሰው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ በአፏ ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ መኖ ሲቀርብላቸው አፋቸውም አንጀታቸውም ዝግጁ ነው። የአምባዛ ጫጩትም መሬት ላይ የወደቀውን እየፈለገ ይለቅማል። የክላውንፊሽ እጭ ግን በውሃው መካከል እየተንሳፈፈ በዓይኑ የሚያድን ነው፤ ሰውነቱን አጠፍ አድርጎ ወደሚንቀሳቀስ ነገር ይወረወራል እንጂ የሰመጠ አስኳል አይከተልም።

«ምን ይጎዳል?» ለሚለው ደግሞ መልሱ አሞኒያ ነው። እጩ የሚያድግበት ዕቃ ከ20 እስከ 40 ሊትር ቢይዝ ነው፤ በውስጡም ጠንካራ ማጣሪያ ማኖር አይቻልም፤ እጩን ይስበዋልና። ያልተበላው አስኳል ይበሰብሳል። የባህር ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ8 በላይ በመሆኑ ደግሞ ያው የአሞኒያ መጠን በንጹህ ውሃ ውስጥ ካለው ይበልጥ ይመርዛል። ስለ ወጪው ግን ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ርካሽ አይደለም።

ሶደሬ (አዳማ)

ወደ ጨውና ወደ ውሃ ልመለስ።

አንድ ሊትር የባህር ውሃ 35 ግራም ገደማ የሟሟ ጨው አለው፤ ስለዚህ 200 ሊትር ለመሙላት 7 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ደግሞ እያንዳንዳቸው 400 ሚሊ ግራም ገደማ ይገኙበታል፤ ሰልፌትና ቢካርቦኔትም አሉ። የአፍዴራ ጨው ለገበታ የተዘጋጀ፣ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ የሆነና አዮዲን የተጨመረበት ነው። የጨው ውሃን ክብደት በሚለካው ሃይድሮሜትር ሲለካ እንደ ባህር ውሃ 1.025 ያሳያል፤ መሣሪያው የሚለካው ክብደቱን እንጂ ይዘቱን አይደለምና ይህ ሰውን ያታልላል። ለወላጆቹም ሆነ ለእጮቹ ገንዳ እንዲጠቀሙበት አልመክርም።

ሆኖም ተራ ጨው የሚያገለግልበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም አርቴሚያ ለመፈልፈል ነው። አዮዲን ያልገባበት ጨው ከተገኘ በሊትር ከ25 እስከ 30 ግራም አሟሙተው፣ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠው ገልብጠው ያቁሙት፤ አየር ከታች ያስገቡ፣ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያቆዩት፤ በማግስቱ ተፈልፍሎ ያገኙታል። አርቴሚያ ፒኤቹ ከ8 ከፍ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሶዳ የሚጨምርበትን፣ የእናንተ አካባቢ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ቢካርቦኔት ስለሚበዛበት ሳይጨመርበትም ሊሆን ይችላል።

ይኸው ቢካርቦኔት ግን ለዋናው ገንዳ ጥሩ አይደለም። የተዘጋጀው የባህር ጨው የራሱን ቢካርቦኔት ይዞ ስለሚመጣ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ከልክ ያልፋል፤ ካልሲየሙም ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። በአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድም እንደሚበዛ የታወቀ ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (የሟሟ ጨውን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። እኛ አዳማዎች ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ስለምንጠቀም ዋናው ጭንቀታችን ክሎሪኑ ነው፤ በአየር ፓምፕ አንድ ቀን ሙሉ ሲናጥ ይወጣል። ሌላው የአዳማ ችግር ነፋሱና ድርቀቱ ነው፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለው በተጣራ ንጹህ ውሃ ይሞላል እንጂ በጨው ውሃ አይሞላም። በእጮቹ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይህ በአንድ ቀን ይታያል።

ፒያሳ ሰፈር (ሐዋሳ)

በመካከል ገብቼ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከቀይ ባህር የተያዘ ክላውንፊሽ በጅቡቲ በኩል ሊመጣ እንደሚችል ሰምቻለሁ። ያ ዓሣ ከኦሴላሪስ ጋር ተጣምሮ ይራባል?

መምህር ታቦር (ሐዋሳ)

በቀይ ባህርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ የተባለው፣ ሁለት ነጭ መቀነት ያለው ዝርያ ነው። ኦሴላሪስ ደግሞ የምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓሲፊክ ዓሣ ነው። የቀይ ባህሩ በቁመቱም በጉልበቱም ይበልጣል፤ በአንድ ገንዳ ቢገቡ ኦሴላሪሱን ያሳድደዋል እንጂ አያጣምረውም። ከባህር የተያዘ ዓሣ በሽታና ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ የመምጣት ዕድሉም ሰፊ ነው። ክላውንፊሽ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለገበያ ሲራባ የቆየ ስለሆነ በእርባታ የተወለደውን መፈለግ ይቀላል።

ስለ ጥንዶቹ ጾታም ይህን ልጨምር፤ ክላውንፊሾች ሲያድጉ በመጀመሪያ ወንድ ይሆናሉ። በቡድኑ ውስጥ ትልቁና ገዢው ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ ሁለተኛው ወንድ ሆኖ ይቀራል፤ የቀሩት ትንንሾቹ አይራቡም። ሴቲቱ ብትሞት ወንዱ ሴት ይሆናል፣ ከትንንሾቹም አንዱ በቦታው ይተካል። ሃንስ ፍሪከና ሲሞን ፍሪከ ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመውታል። ለአርቢው ያለው ትርጉም ቀላል ነው፤ ሴት ወደ ወንድነት አትመለስምና ሁለት ያደጉ ሴቶችን በአንድ ገንዳ ማኖር እስከ ሞት ያጣላቸዋል። ጥንድ የሚፈልግ ሰው አንድ ተለቅ ያለና አንድ አነስ ያለ ገና ያልደረሰ ዓሣ አብሮ ያሳድግ።

አሁን ማንም ወዳላነሳው ነገር ልምጣ። ሐዋሳ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዳማም ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባህር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል፤ በውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 26 ዲግሪ የሞቀ የባህር ውሃ በባህር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 5.5 ገደማ ነው። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሩንም፤ ጸሐፊዎቻቸው ባህር ዳር ይኖራሉና። ያለ ፓምፕ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል የሚባለው ገንዳ እዚህ ያንን ያህል ጊዜ ላይሰጠን ይችላል። ስለዚህ የዓሣውን ብዛት ቀነስ፣ የውሃውን ገጽ እንቅስቃሴ ጨመር ማድረግ ተገቢ ነው።

መብራት ሲጠፋ በቅድሚያ የሚያሳስበው የሙቀቱ መውረድ ሳይሆን አየሩ ነው። 200 ሊትር ውሃ ቶሎ አይበርድም፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ለብዙ ሰዓት ያቆየዋል። አየሩን ግን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው የሚተካው። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሳው ዓይነት ተመራጭ ነው፤ መብራት የሚጠፋው ሰው በተኛበት ሰዓት ሊሆን ይችላልና። መብራት በጠፋበት ጊዜ ዓሣውን አይመግቡ።

ፍቅርሐይቅ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክሩ መሠረት የሮቲፈሩን ነገር ጀምሬአለሁ። በዚህ መካከል ጥንዶቹ የመጀመሪያውን እንቁላል በሸክላው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጣሉ፤ ደማቅ ብርቱካናማ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ጠፋ፤ በማግስቱ ምንም አልቀረም። ወላጆቹ በልተውት ከሆነ ይህ ባሕርይ ይቀጥላል ማለት ነው? ምግባቸው በአብዛኛው ደረቅ መኖ ሲሆን አልፎ አልፎ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የማመጣውን ትኩስ ቆሮሶ በደቃቁ ከትፌ እሰጣቸዋለሁ።

ሶደሬ (አዳማ)

የጀማሪ ጥንዶች የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ብዙ ጊዜ ሳይዳብሩ ይቀራሉ፤ ወንዱም ያልዳበረውን ይበላዋል። ሥራውን እስኪለምዱ ድረስ ይጠብቁ፤ እጅዎንም ወደ ሸክላው አያብዙ። የቆሮሶው ሥጋ ንጹህ ከሆነ አይጎዳም፤ ነገር ግን የንጹህ ውሃ ዓሣ ሥጋ ከባህር ምግብ ጋር ሲነጻጸር እንቁላሉ የሚፈልገው ቅባት ያንሰዋል። ከአዲስ አበባ የቀዘቀዘ የባህር ሽሪምፕ ማስመጣት ከቻሉ ከትፈው ያቀላቅሉላቸው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይመግቡ፤ በየሳምንቱም ከውሃው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀይሩ።

ፍቅርሐይቅ (ሐዋሳ)

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየጣሉ ነው፤ ወንዱም አሁን ጎበዝ ጠባቂ ሆኗል። ሁለቱም የሮቲፈር ባልዲዎች በደህና ቆይተዋል። የአሁኖቹ እንቁላሎች ጠቁረው በውስጣቸው ዓይን መታየት ጀምሯል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ነው። የሚፈለፈሉበትን ሌሊት በምን ላውቅ?

አላሙራ (ሐዋሳ)

በዚህ ሙቀት ከ7 እስከ 9 ባሉት ቀናት ይፈለፈላል፤ ውሃው ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ከቀኑ ቆጠራ ይልቅ ዓይኖቹን ይመኑ፤ የእጅ ባትሪ ሲበራባቸው እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ከሆነ የዚያኑ ዕለት ማታ ወይም በማግስቱ ነው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ባሉት አንድና ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይወጣሉ።

የእጮቹን ዕቃ አስቀድመው ከወላጆቹ ገንዳ በተቀዳ ውሃ ይሙሉት፤ ሙቀቱም ጨዋማነቱም እኩል ይሆናል። ጎኖቹን በሙሉ በጥቁር ወረቀት ይሸፍኑ። እጭ ወደ ብርሃን ይሳባል፤ መስተዋቱ ካንጸባረቀ ግድግዳውን በአፍንጫው እየመታ ሳይበላ ይሞታል። ጥቁር ጎን ባለው ዕቃ ግን ሮቲፈሩ በውሃው መካከል ጎልቶ ይታየዋል።

ዓይኖቹ ባበሩበት ዕለት ማታ ወደ 1 ሰዓት ገደማ ሸክላውን በውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ እንዳለ፣ አየር ሳይነካው ወደ አዲሱ ዕቃ ያዛውሩት። የአየር ድንጋዩን ከሥሩ አድርገው አረፋው በእንቁላሎቹ አጠገብ እንዲያልፍ ያድርጉ፤ የወንዱን ማራገብ የሚተካው ይህ ነው። እንቁላሎቹ በዚህ ፍሰት ሲወዛወዙ መታየት አለባቸው። ከዚያ ክፍሉን ፍጹም ያጨልሙት። ከተፈለፈሉ በኋላ አረፋውን በሰከንድ ጥቂት እስኪሆን ይቀንሱት። ቀድሞ ማዛወር አይመከርም፤ አባታቸው ከማንኛውም ፓምፕ የተሻለ ጠባቂ ነው።

ጠዋት ላይ ሮቲፈሩን በወንፊት አጥበው ይጨምሩ፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ከ5 እስከ 10 ሮቲፈር እንዲኖር ያድርጉ። ውሃውን ቀለል አድርጎ አረንጓዴ የሚያደርግ አልጌም ይጨምሩበት፤ ሮቲፈሩ እየበላ ይቆያል፣ ብርሃኑም ይለዝባል። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይበቃዋል። በየቀኑ ወለሉን በቀጭን የአየር ጎማ እየሳቡ ያጽዱ፤ የወጣውን ውሃ ያህልም ከወላጆቹ ገንዳ በጠብታ ይመልሱ።

መምህር ታቦር (ሐዋሳ)

አላሙራ ወደ ኋላ እመለሳለሁ ያለውን የምግብ ጥራት ነገር እኔ ልጨርስለት። እጮች የሚሞቱበት ቀን ምክንያቱን ይናገራል። እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ በብዛት ካለቁ አልበሉም ማለት ነው፤ ሮቲፈሩ ሳስቶ ወይም ብርሃኑ በዝቶ ይሆናል። ሆዳቸው በማጉያ መነጽር ሲታይ ሞልቶ ሳለ በአንድ ቀን ከወደቁ አሞኒያን ይለኩ። በደንብ እየበሉ ቆይተው ከስምንተኛው ቀን ወዲህ፣ ቅርጻቸውን በሚለውጡበት ወቅት መሞት ከጀመሩ፣ ወይም መብራት ሲበራ ደንግጠው ተገልብጠው ከቀሩ ግን የጎደላቸው ዲኤችኤ የሚባለው የባህር ቅባት መሆኑን ልጠረጥር እደፍራለሁ። እርሾ ይህ ቅባት የለውም። ናኖክሎሮፕሲስም ኢፒኤ በተባለው ቅባት ቢበለጽግም ዲኤችኤ ግን እምብዛም የለውም።

ለዚህ የተዘጋጁ ማበልጸጊያዎች በውጭ ይሸጣሉ። ካልተገኙ የቆየ መንገድ አለ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ጥቂት ጠብታ ከጥሬ የእንቁላል አስኳልና ከውሃ ጋር በመምቻ በደንብ እስኪዋሃድ ይመታል፤ በተለየ ዕቃ ለተቀመጠ ሮቲፈር በጥቂቱ ተሰጥቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሮቲፈሩ በወንፊት ታጥቦ ለእጮቹ ይቀርባል። አቶ አምባዛ እንዳይከፉ፤ አስኳሉም በዚህ መንገድ ቦታ አገኘ። ማጠቡ ግን አይታለፍ፤ ዘይቱ ወደ እጮቹ ዕቃ ከገባ በውሃው ገጽ ላይ ይጋረዳል፣ አስቀድመን ያነሳነውን የኦክስጅን ችግርም ያብሳል።

አምባዛ (ሐዋሳ)

አልከፋሁም። እንዲያውም ዘይቱን ለአምባዛ ጫጩት ልሞክረው አስቤአለሁ። የኦክስጅኑ ስሌት ለኛም ይሠራል።

ፍቅርሐይቅ (ሐዋሳ)

ደስታዬን ላካፍላችሁ። ብዙዎቹ አልፈውልኛል ለማለት ባልደፍርም ያለፉት ጠንካሮች ናቸው። ከአንድ ሳምንት በኋላ አርቴሚያን ከሮቲፈር ጋር እያቀላቀልኩ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አሁን በአርቴሚያ ብቻ ይኖራሉ። በውሃው መካከል መንሳፈፋቸውን ትተው ወደ ግድግዳውና ወደ ወለሉ ተጠግተዋል፤ በጭንቅላታቸው ላይም ነጭ መቀነት ወጥቷል። በአንዳንዶቹ ላይ መቀነቱ በአንድ ጎን ብቻ ነው። በሽታ ነው? ወደ ትልቅ ገንዳ የማዛውራቸውስ መቼ ነው? አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ጥቂቶቹን ለመውሰድ ጠይቆኛል።

ሶደሬ (አዳማ)

በሽታ አይደለም። የጭንቅላቱ መቀነት ይቀድማል፣ የወገቡ ይከተላል፣ የጅራቱ ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣል። እያደጉ ሲሄዱም ሳይሟላ የሚቀር መቀነት አለ፤ በእርባታ ውስጥ የተለመደ ነው። ዓሣው እንደሌላው ጤናማ ሆኖ ይኖራል፤ እኔ ግን ለማራባት ባልመርጠው እወዳለሁ።

ሁሉም መቀነት አውጥተው ደረቅ ደቃቅ መኖ መልቀም ሲጀምሩ ያዛውሯቸው። አዲሱ ገንዳ ቀድሞ ባክቴሪያ ያበቀለ የስፖንጅ ማጣሪያ ይኑረው፤ ለዚህ አንድ ስፖንጅ ከአሁኑ በወላጆቹ ገንዳ ውስጥ ቢያስቀምጡ ይደርሳል። በብዛት አብረው ይሁኑ፤ ጥቂት ሲሆኑ ገዢው ሌሎቹን እየለየ ይነክሳቸዋል፣ ሲበዙ ግን ጠቡ ይከፋፈላል።

ለወዳጅዎ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ሳያልፉ አይላኩ። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን አይመግቧቸው፤ በፌስታል ውስጥ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው አየር፣ ከተገኘም ኦክስጅን ይሁን፤ ድርብ ፌስታል ተጠቅመው ክዳን ባለው የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። አዲስ አበባ ከሐዋሳ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ፌስታሉ በመንገድ ላይ እየተነፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሲያስሩት ጥቂት ላላ ያድርጉት። ወዳጅዎም ሲደርሱለት ፌስታሉን በገንዳው ላይ አንሳፍፎ ሙቀቱ እኩል እስኪሆን ይጠብቅ፤ ዓሣዎቹን በመረብ ያውጣቸው እንጂ የፌስታሉን ውሃ ወደ ገንዳው አይድፋው።